ዳቦውን ያሳነሰችው ሴት

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ስሟን ብጠራው ጎረቤት ከተሞች «እኛን ለመንካት ነው» ብለው ይቀየማሉ፤ ባልጠራው ደግሞ የሚጎድል ነገር የለም። ወንዝ ነበራት፣ ገበያ ነበራት፣ ከበላይዋ አንድ ኮረብታ ነበር። ኮረብታው ላይ አንድ ግንብ፣ ከግንቡ ውስጥ ደግሞ «ባለኮረብታው» የሚባሉ አንድ ሰው ነበሩ። በከተማዋ የሚጋገረው ዳቦ ሁሉ የእሳቸው ነው።

ድሮ እንደዚያ አልነበረም። አሥራ ሁለት ጋጋሪዎች በየሰፈሩ የየራሳቸው ምድጃ ነበራቸው። በኋላ ግን «ጥጋብ ድርጅት» የሚባለው የባለኮረብታው ኩባንያ ምድጃዎቹን አንድ በአንድ ገዝቶ አፈረሳቸውና ጋጋሪዎቹን ወንዝ ዳር በሠራው ትልቅ ዳቦ ቤት ቀጠራቸው። ዳቦ ቤቱ የተመረቀ ዕለት ሙዚቃ ተመታ፤ ሕዝቡም «አሁን ገና ሠለጠንን!» ብሎ አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ ዳቦው ማነስ ጀመረ። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በዓመት በዓመቱ፣ በትንሽ በትንሹ። ሁለት መዳፍ ይሞላ የነበረው ዳቦ አንድ መዳፍ የሚሞላ ሆነ። ቀጥሎ የብርቱካን ያህል፣ ቀጥሎ የሎሚ ያህል ሆነ። ዳቦው ዝቅ ባለ ቁጥር የኮረብታው ግንብ ከፍ ይላል። ሁለቱን ነገሮች አያይዞ ያነሳ ሰው ግን አልነበረም፤ ግንብ የሚሠራው ከድንጋይ፣ ዳቦ የሚጋገረው ከዱቄት ነዋ።

እንዲህ ሲባል የከተማዋ ሰው ዝም ብሎ ይቀበል ነበር ማለት አይደለም። ይቆጣል። ለቁጣውም ሥርዓት አበጅቶለታል። ክፉ ነገር በደረሰ ቁጥር ጥፋተኛውን ፈልጎ የሚያገኝ «የጥፋት ሹም» የሚባል ባለሥልጣን ነበረ። በዚያን ዘመን ሹሙ አቶ ሸዋንግዛው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ጉቦ የማይነካቸው፣ ማኅተማቸውን በመሐረብ ጠቅልለው የሚይዙ ሰው። ጥቆማ ይቀበላሉ፣ ያጣራሉ፣ የጥፋተኛውን ስም ጽፈው ገበያው በር ላይ ባለው ሰሌዳ ይለጥፋሉ። ጥቆማው ሁልጊዜ ከጥጋብ ድርጅት ይመጣ ነበር። ይህም የሆነው በአድልዎ አይደለም፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ጸሐፊ የነበረው ድርጅቱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ዳቦው ከመዳፍ ወደ ብርቱካን ሲወርድ ጥፋተኞቹ ባለአህዮች ሆነው ተገኙ፤ አህዮቹ ዱቄት ተጭነው ሲያስነጥሱ ብዙ ይበናል ተባለ። ከብርቱካን ወደ ሎሚ ሲወርድ ደግሞ ግራኞች ሆኑ፤ በግራ እጅ የተቆረሰ ዳቦ ቶሎ ያልቃል ተባለ። ጥፋተኛ አይታሰርም፣ አይገረፍም። ሰላም አይባልም፣ ከእሱ አይገዛም፣ ለእሱም አይሸጥም፤ ይኸው ነው። ባለአህዮቹ ሳምንት ሳይሞላ አገር ለቀቁ። ግራኞቹ ቀኝ እጃቸውን ተለማመዱ።

ትርንጎ በዚያ ሁሉ ጊዜ ገበያው በር ላይ ቆሎ ትሸጥ ነበር። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ድምጿ ጎርናና፣ ሳቋ ከራሷ ቀድሞ የሚደርስ፣ ለሚወደድም ለማይወደድም ሰው እኩል የምትሰፍር ሴት ነበረች። አጠገቧ ፈንታሁን የሚባል ጫማ ሰፊ አለ። አሥራ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ሲቀመጡ በአንድ ጃንጥላ ተጠልለዋል፣ በአንድ ኩባያ ጠጥተዋል፣ ስለ አንድ ነገርም ተስማምተው አያውቁም።

አንድ ማክሰኞ ዳቦው የአውራ ጣት ጫፍ አክሎ ወጣ። አንድ ሰውዬ ለራት ብሎ ኪሱ ከተተውና ቤቱ ሲደርስ ረሳው፤ ሚስቱ የወለቀ አዝራር መስሏት ሸሚዙ ላይ ሰፋችው። ይህ ወሬ ሲሰማ ከተማው ተቆጣ። ረቡዕ ቀን ጥቆማው ደረሰ። ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱ ሰሌዳው ላይ ነበር።

ትርንጎ አላየችውም። እንደ ልማዷ ቆሎዋን ዘርግታ ተቀመጠች። ለዘጠኝ ዓመት በየቀኑ አንድ ስኒ ቆሎ ሲገዛት የኖረው አስተማሪ መጣ፤ ገና ሲያያት መንገዱን ተሻግሮ በወዲያ በኩል አለፈ። ሁለት ሴቶች አጠገቧ ሲደርሱ ወሬያቸውን አቆሙና ካለፏት በኋላ ቀጠሉ። ትርንጎ ፊቷን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች፤ ጥላሸት የነካት መስሏት ነበር። ከዚያ ወደ ጎኗ ብትዞር ፈንታሁን የለም። የሚቀመጥበትን ዱካ ይዞ ሦስት እርምጃ ርቋል።

«ምን ሆነሃል አንተ? ጃንጥላው አይደርስህም እኮ!»

ፈንታሁን ቀና አላለም። እጁ ላይ የነበረውን ጫማ አተኩሮ እያየ፣ «ስማኝ፣ አንተ ጫማ» አለ። «አጠገቤ ያለች አንዲት ሴት ዛሬ ጠዋት ጥፋተኛ ተብላለች። እሷን ማነጋገር አይፈቀድልኝም። አንተን ማነጋገር ግን ማንም አልከለከለኝም።»

ትርንጎ የመሰላት ቀልድ ነው። ሳቀች። ፈንታሁን አልሳቀም።

በዚያን ቀን አንድ ስኒ ቆሎ አልሸጠችም። በማግሥቱም አልሸጠችም። ዘይት ልትገዛ ሄዳ ሱቅ ላይ ያለው ሰው በእሷ በኩል አሻግሮ ወዳለው ግድግዳ ሲያይ ቆየ። መጮህ ሳትፈራ የኖረች ሴት ዘንቢሏን ባዶውን ይዛ ወጣችና፣ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያስለቀሳት ዘይቱ አልነበረም። ይህን ሁሉ ሰው በስሙ ታውቀዋለች፤ ልጁን፣ በሽታውን፣ ሠርጉን ታውቃለች። አሁን አንዱም ስሟን አልጠራም። ባለአህዮቹን አስታወሰች። ያኔ እሷም ጀርባዋን አዙራባቸው ነበር፤ «ተረጋግጧል» ሲባል ሰምታ። እንደዚያ ማሰቡ ከዘይቱም ከዝምታውም ይልቅ አመማት። ፊቷን በወንዙ ውኃ ታጠበችና ወደ ገበያው ተመለሰች።

«ለዚያ ጫማ ንገርልኝ» አለች ፈንታሁንን። «መነጽሬ ቤት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ያንብብልኝ።»

ፈንታሁን ጫማውን ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆመና ለጫማው ጮክ ብሎ አነበበለት፦ «ቆሎ ጥርስ ያጠነክራል። ጥርሱ የጠነከረ ሰው ዳቦ አብዝቶ ይበላል። ሰው አብዝቶ ሲበላ ዳቦው ለሁሉም ለመዳረስ ሲል ያንሳል። ስለዚህ የዳቦው ማነስ በቆሎ ሻጯ በወይዘሮ ትርንጎ ምክንያት የመጣ መሆኑ ተረጋግጧል።»

«በእኔ ምክንያት ብቻ? ሌላ ሰው የለበትም?»

«በአንቺ... በሴትየዋ ብቻ።»

«ማኅተም አለው?»

«ክብ ማኅተም። ደማቅ።»

ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የትርንጎ ፊት ፈታ አለ። «እኔ እኮ ቆሎ ብቻ የምሸጥ ይመስለኝ ነበር» አለች። «ለካ ከኮረብታው ሰውዬ የምበልጥ ሴት ነኝ! ያሳነስኩት እኔ ከሆንኩ የማሳድገውም እኔ ነኛ!»

ነጠላዋን አስተካክላ በቀጥታ ወደ ጥፋት ሹሙ ቢሮ ሄደች።

አቶ ሸዋንግዛው እስክሪብቶ እየሞሉ ነበር። ስታንኳኳ ደነገጡ፤ ያን በር ደብዳቤ ከሚያመጣው የድርጅቱ ሰው በቀር የሚያንኳኳ አልነበረም።

«ጥፋቴን አምኜ መጥቻለሁ» አለች ትርንጎ።

ሹሙ ከወንበራቸው ተነሱ። «አመኑ?»

«አዎ፣ ጌታዬ። እርስዎ አጣርተው ካገኙት እኔ ማን ነኝና እክዳለሁ?»

የአቶ ሸዋንግዛው ዓይን እንባ አቀረረ። «ወይዘሮ ትርንጎ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ወንበር ተቀምጬአለሁ። ስንቱን ጥፋተኛ አገኘሁ! አንድም ሰው መጥቶ “ልክ ነህ” ብሎኝ አያውቅም። ይቀመጡ እባክዎ። ሻይ ይጠጣሉ?»

«ሻዩ ይቆየኝ። ጥፋቴን ማረም ነው የምፈልገው።»

ይህ ደግሞ ጨርሶ ያልታሰበ ነገር ነበር። ሹሙ የሥርዓቱን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርደው አቧራውን አራገፉና ሲያገላብጡ ቆዩ። በመጨረሻ አንድ ገጽ ላይ ጣታቸውን አኖሩ። «አለ! “ጥፋተኛው ጥፋቱን ላርም ካለ፣ ጥፋቱ የደረሰበት ቦታ ድረስ ይገባ ዘንድ በር ይከፈትለት።” እኔ እንኳ አንብቤው አላውቅም!» በደስታ ደብዳቤ ጻፉላትና ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱበት፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለአክብሮት።

በማግሥቱ ጠዋት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሁለት መቶ ያህል ሰው ተሰልፎ ነበር። ትርንጎ ሰልፉን አቋርጣ ስታልፍ ሁሉም እንደ ደንቡ ጀርባውን አዞረ፤ ጆሮውን ግን አላዞረም። በሩ ላይ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ጌጡ ከነክራቫታቸው ቆመዋል። ደብዳቤውን አነበቡትና ፈገግ አሉ።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ የሚሆን ነገር አይደለም። የዳቦውን መጠን የሚወስኑት እርስዎ አይደሉም።»

«እኔ ካልሆንኩ ማን ነው?»

አቶ ጌጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መጠኑማ... በሁኔታዎች ነው የሚወሰነው።»

«ሁኔታዎች የሚባሉት ሰውዬ ቤታቸው የት ነው?» አለች ትርንጎ።

አቶ ጌጡ ሳያውቁት ቀና ብለው ኮረብታውን አዩ። ሁለት መቶውም ሰው አብሯቸው ቀና አለ። ግንቡ በጠዋት ፀሐይ ያብረቀርቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ፈጥነው ዓይናቸውን መለሱ።

«እርስዎ ነዎት!» አሉ ላብ እያጠመቃቸው። «ወረቀቱ ትክክል ነው። ያሳነሱት እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ማንም የለበትም!»

«እሰይ! እንግዲያው መንገድ ይልቀቁልኝ። ሥራ ረፍዶብኛል።»

አቶ ጌጡ ወደ ጎን ከመሸሽ በቀር ምን ያድርጉ? ገባች።

ውስጥ አሥራ ሁለቱ ጋጋሪዎች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ሊጡን በሁለት ጣት እየቆነጠሩ ያድበለብላሉ። ከሁሉም አዛውንቱ ጋሽ ቢያድግልኝ ነበሩ፤ ትርንጎ ልጅ ሳለች ከሰፈሯ ምድጃ ዳቦ የምትገዛው ከእሳቸው ነበር።

«ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ዳቦውን ላሳድግ መጥቻለሁ። ፈቃድ አለኝ።»

ሽማግሌው ደብዳቤውን ሳይሆን ፊቷን አዩ። «ምን ያህል ላድርገው፣ ልጄ?»

«በራስዎ ምድጃ ሳሉ እንዴት ነበር የሚያደርጉት?»

ጋሽ ቢያድግልኝ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ከዚያ ሁለቱንም መዳፍ ሊጡ ውስጥ ነከሩና አንድ ትልቅ ቁራጭ አወጡ፤ መታ መታ አደረጉት፣ አገላበጡት፣ አከበቡት። እጃቸው አልረሳም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ዱቄቱ ነው» አሉ ዓይናቸውን እያሹ። አሥራ አንዱም እጃቸውን ወደ ሊጡ ሰደዱ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ለረጅም ጊዜ የተሰማው የሊጥ ድምፅ ብቻ ነበር።

በዚያን ቀን ሰው ዳቦውን በሁለት እጁ ታቅፎ ሄደ። አንዳንዱ መያዣ አላመጣም ነበርና በባርኔጣው፣ በነጠላው ጠቀለለው። አቶ ጌጡ «ዱቄቱ እስከ ነገ አይደርስም» ብለው ነበር፤ መጋዘኑ ሲከፈት ግን እስከ ጣራው ሙሉ ሆኖ ተገኘ። ያን ሁሉ ዱቄት ምን ሊያደርጉበት እንዳስቀመጡት ማንም አልጠየቃቸውም፤ የሁሉም አፍ ሥራ ላይ ነበር።

ትርንጎን አሁንም ሰላም ማለት አይቻልም። ሕጉ ሕግ ነው። ነገር ግን አስተማሪው መንገዱን ተሻግሮ መጣና ወደ ቆሎው ጎንበስ ብሎ፣ «እንደምን አደርክ፣ ቆሎ? ለቤተሰብህ ሁሉ ሰላም በልልኝ» አለ። ከዚያ በኋላ የቆሎዋ ወዳጅ በዛ። ፈንታሁን ዱካውን መልሶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ለጫማውም «ፀሐይዋ ከብዳብኝ ነው» ሲል አስረዳው።

በስድስተኛው ቀን አቶ ሸዋንግዛው ራሳቸው ወደ ገበያው መጡ። አዲስ ጥቆማ ደርሷቸዋል።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ነፃ ነዎት። ድርጅቱ እንደገና አጣርቶ እርስዎ ከጥፋቱ ንጹሕ መሆንዎን ደርሶበታል።»

«አልቀበልም» አለች ትርንጎ ቆሎ እየሰፈረች። «ይግባኝ እላለሁ።»

«በነፃ መለቀቅ ላይ ይግባኝ?»

«ጌታዬ፣ እኔ ካልሆንኩ ዳቦውን ማን አሳነሰው? የእሱ ስም ይጻፍና የእኔን ይፋቁ። እስቲ መጽሐፉን ይዩልኝ፤ ጥፋት ባለቤት የሌለው ሆኖ ሜዳ ላይ ይጣላል ይላል?»

አቶ ሸዋንግዛው መጽሐፉን አዩ። እንደዚያ አይልም። እንዲያውም «ጥፋት ያለ ጥፋተኛ አንዲት ቀን አይደር» ይላል። ሐቀኛ ሰው ነበሩና ወረቀቷን መልሰው ለጠፉ።

ነገሩ ያን ጊዜ ተዛመተ። ጥጋብ ድርጅት ከዳቦው ሌላ የመብራት ጋዙና የወንዙ ጀልባም ባለቤት ነበር። በማግሥቱ ጠዋት በሹሙ በር ላይ አሥራ ሰባት ሰዎች ተሰልፈው ተገኙ። አንዲት ልብስ አጣቢ፣ «ጋዙ ውስጥ ግማሽ ውኃ የሚገባው በእኔ ምክንያት ነው፤ ጻፉኝ» ትላለች። አንድ አናጢ፣ «ጀልባው የሚያፈሰው በእኔ ጥፋት ነው፤ ነገ ጠዋት መዶሻዬን ይዤ ልግባ» ይላል። ፈንታሁን ከሁሉም ኋላ ቆሞ፣ «እኔ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም፤ የቀረ ካለ ስጡኝ» ይላል። እስከ ቀትር የሹሙ ቀለም አለቀ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ባለኮረብታው ወረዱ።

ሕዝቡ አይቷቸው አያውቅም። ግንቡን እያየ ግዙፍ ሰው ጠብቆ ነበር። ከመኪናው የወጡት ግን አጭር፣ ፊታቸው ቀይ፣ ባርኔጣቸው ሰፊ የሆነ ሽማግሌ ነበሩ። ፈንታሁን ዓይኑ ወደ ጫማቸው ሄዶ፣ «ሶሉ ምድር ነክቶ አያውቅም» ሲል አንሾካሾከ። ሰውዬው አቶ ጌጡን አስከትለው፣ ሰውን እየገፉ አቶ ሸዋንግዛው ፊት ደረሱ።

«ይህች ሴት በዳቦዬ ላይ ምን እየሠራች ነው?» ብለው ጮኹ።

«ጥፋቷን እያረመች ነው፣ ጌታዬ።»

«የምን ጥፋቷ! እሷ ምን አቅም አላትና! አንዲት ቆሎ ሻጭ ነች ያን ሁሉ የሠራችው?» ባለኮረብታው ልጃቸውን እንደተነጠቁ ሁሉ ደረታቸውን መቱ። «እኔ ነኝ! ከመዳፍ ወደ ብርቱካን ያወረድኩት እኔ ነኝ! ከብርቱካን ወደ ሎሚ ያወረድኩትም እኔ! አህያ የለበት፣ ግራኝ የለበት፣ ቆሎ የለበት! ይህን ሁሉ ዓመት አስቤ፣ ተጨንቄ ያሳነስኩትን ዳቦ መጥታ የራሴ ነው ትላለች?»

አቶ ጌጡ እጅጌያቸውን ይጎትቷቸው ነበር። የተሰማው የአቶ ሸዋንግዛው ብዕር ሲጭር ብቻ ነው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ቀስ ብለው ይበሉልኝ» አሉ ሹሙ በትሕትና። «“ከብርቱካን ወደ ሎሚ” ያሉት ድረስ ጽፌአለሁ።»

ባለኮረብታው ያን ጊዜ ነው ዞር ብለው ሕዝቡን ያዩት። ማኅተሙ ግን ከመሐረቡ ወጥቶ ወረቀቱ ላይ አርፏል።

«ጥፋትዎን ያርማሉ?» ሲሉ ሹሙ ጠየቁ። «ወይስ ጥፋተኛ ሆነው ይቆያሉ? ከቆዩ፣ ደንቡን ያውቁታል፤ ከእርስዎ የሚገዛ አይኖርም።»

ፊት ለፊታቸው የቆሙት ሴቶች፣ ለነገሩ ክብር፣ ቀስ ብለው ጀርባቸውን ማዞር ጀመሩ። ከኋላቸው ያሉትም ዞሩ። ባለኮረብታው አንድ ገበያ ሙሉ ጀርባ ተደቀነባቸው።

«ታርሟል እኮ...» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ዳቦው አሁን ትልቅ ነው።»

«ማን አረመው?»

«እሷ።»

«እንግዲያው እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ፤ ዳግመኛ ላያሳንሱት።»

ፈረሙ። ሕዝቡም ፊቱን መለሰ፤ ቂም የሚይዝ ሰው አልነበረም፣ በዚያ ላይ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። አንዲት ሴት አዘነችላቸውና ከዳቦዋ ቆርሳ ሰጠቻቸው። ባለኮረብታው ቀምሰው ትንሽ አኘኩ፤ ከዚያ «ጨው አንሶታል» አሉ። ጋሽ ቢያድግልኝም ሰምተው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጣ የመጀመሪያው እውነተኛ አስተያየት ነው ብለው በማግሥቱ ጨው ጨመሩበት።

በዚያው ዓመት ጋሽ ቢያድግልኝ ከድርጅቱ ወጥተው ምድጃቸውን በድሮው ቦታ እንደገና ሠሩ፤ አራት ጋጋሪዎች ተከተሏቸው። ትርንጎ ለባለአህዮቹ ደብዳቤ አስጻፈችና፣ ከነገሩ ሁሉ በፊት ስላዞረችው ጀርባዋ ይቅርታ ጠየቀች። ግማሾቹ ተመለሱ። የቀሩት «ሄድንበት ደህና ነው፣ አህዮቹም ለምደዋል» ብለው ሰላምታ ላኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ስሟ ከሰሌዳው ከተፋቀ ከርሞ፣ ፈንታሁን ሥራ ፈትቶ ሲያስብ ቆየና፣ «እውነቱን ንገሪኝ እስቲ» አላት። «ያን አሥራ አንድ ቀን አይናፍቅሽም? አገሩን ሁሉ በእጅሽ ይዘሽ ነበር እኮ።»

«ኧረ ወዲያ!» አለች ትርንጎ። ቆሎዋን በእፍኟ አንስታ እፍ፣ እፍ አለችበት። «ጥፋተኛ መሆን እንዴት አድካሚ ነገር መሰለህ! ሰውዬው ያን ሁሉ ዓመት እንዴት እንዳልደከመው ነው የሚገርመኝ።»